ያልላላው ፈርጥ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ሚጣ ታጨች።

ወደ ሥራ ቦታዬ ስትገባ አንድ እጇን ከኋላዋ ደብቃ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ ትልቅ ነገር ሲገጥማት መጀመሪያ ትደብቀዋለች። "እታለም፣ ዓይንሽን ጨፍኚ" አለችኝ። ሞረዱን እንደያዝኩ ጨፈንኩ። "ግለጪ" ስትለኝ እጇ አፍንጫዬ ሥር ነበር።

ፈርጡን በቅጡ ሳላየው ቀለበቱ የማን ሥራ እንደሆነ አወቅሁ። ፈርጡን የያዙት ጥፍሮች ከሥር ተጣምረው፣ እንደ አበባ ግንድ ቀጥነው ወደ ቀለበቱ ትከሻ ይወርዳሉ። በዚህ ከተማ እንደዚያ የሚሠራ አንድ ሰው ነው ያለው።

"እንዴት ነው?"

"ያምራል።"

"ያምራል ብቻ?"

"በጣም ያምራል። እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ቆንጆ።" አቀፍኳት። ፀጉሯ ውስጥ እንደ ሁልጊዜው የጠመኔ ሽታ አለ፤ ከክፍል በቀጥታ ነው የመጣችው። እስክትወጣ ድረስ ሳቅሁ። ስትወጣ ጉንጬን አመመኝ።

እኔ የእጮኝነት ቀለበት ሠሪ ነኝ። እንጀራዬ ይኸው ነው። ታናሽ እህቴ ስትታጭ ቀለበቷን ሌላ ሰው ሠራው።

ቅናት አይደለም። በእጮኛዋ የገረመኝ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። ለምን እኔን አልጠየቀኝም?

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ጊዜ የለኝም። ሁለት ደንበኛ በር ላይ ቆሟል። ለምን እኔን አልጠየቀኝም?

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ምሳ እናታችን ቤት። እጮኛውም መጥቶ ነበር። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሲያዋሩት ዓይኑ ሰው ጥርስ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ዓይኔ ሰው ጣት ላይ፤ ስለዚህ አንተያይም። "እርስዎ" እያለ ነው የሚያናግረኝ። ሚጣ ብትቆጣውም እምቢ ብሏል። እኔን "እርስዎ" ሲለኝ ፀጉሬ ሲሸብት ይሰማኛል።

ማዕዱን ሳነሳሳ እማዬና ሚጣ ወጥ ቤት ሲያወሩ ሰማሁ። ሆን ብዬ አይደለም፤ ሳህን ይዤ በሩ ጋ ነበርኩ።

"እህትሽ ምን አለችሽ?"

"ምንም አላለች እማዬ። ያምራል አለች።"

"ያምራል ካለች ከፍቷታል።"

"ኧረ እማዬ!"

"እኔ ነኝ የወለድኳት። ስለ ቀለበት ሲሆን አፏ አያርፍም፣ ስትነቅፍም፣ ስታሞግስም ታወራለች። ዝም ካለች አንጀቷ አሯል ማለት ነው።"

ሳህኖቹን እዚያው ኮሪደር ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። እናት መሆን ሰውን እንዲህ ደፋር ያደርጋል? አንጀቴ አላረረም። ምሳው ከብዶኝ ነው።

ማታ ልጨምር። ቀለበቱን ስለሠራችው ስለ ባለመስታወቷ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። እንዲህ የምላት ሱቋ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ስለሆነ ነው። ሙያውን የተማርነው ከአንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ አስቀምጠው ነበር ያስተማሩን። ያኔ እኔ እሻል ነበር። ለመመጻደቅ አይደለም፤ እሳቸውም ይሉት ነበር። እሷ ቀስ ትላለች፣ አፍርሳ ትሠራለች፣ አንዱን ጥፍር ስትሞርድ ውላ ታድራለች። እኔ እጄ ፈጣን ነበር። ዛሬ የሷን ቀለበት ያጠለቀች ሴት እጇን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ነው የምታወራው። የኔን ያጠለቀች ሴት ሳህን ታጥብበታለች። ሁለቱም ወርቅ ነው። ልዩነቱ ስም ነው። ሳጥኑ ነው፣ ሪባኑ ነው፣ መስታወቱ ነው።

ይሄን ለማንም አስረዳለሁ። ማንም ይጠይቀኝ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ጠየቀችኝ! ለሙሽሮች የሚታተም መጽሔት ላይ የምትሠራ ጋዜጠኛ ናት። የከተማውን የእጮኝነት ቀለበት ዲዛይነሮች ጎን ለጎን አስቀምጣ ልታወዳድር ነው፤ ማን የበለጠ ስም አለው፣ የማን ሥራ የበለጠ ጥራት አለው። ጠረጴዛዬን አጸዳሁ፣ ነጠላ ጫማዬን ቀየርኩ፣ ምርጥ የምላቸውን ቀለበቶች ጥቁር ጨርቅ ላይ ደረደርኩ።

ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። መቼ ጀመርሽ? ወርቁን ከየት ታመጫለሽ? ከዚያ እስክርቢቶዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ከእሷ ጋር አብራችሁ ተምራችኋል አሉ። እንዴት ያለች ተማሪ ነበረች?"

ቀጥሎ ያለው ሁሉ ስለ እሷ ሆነ። እኔም አወራሁ። ስም ሌላ፣ ሥራ ሌላ መሆኑን አስረዳሁ። ቀጭን ጥፍር ለዓይን እንጂ ለዕድሜ እንደማይሆን ነገርኳት። ልጅቷ ትጽፋለች፣ እኔ አወራለሁ። ስትወጣ ጥቁሩን ጨርቅ አየሁት። አንዱንም ቀለበት አላነሳችውም። እኔም አንስቼ አላሳየኋትም።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ወደ ባንክ ስሄድ በሷ ሱቅ በኩል አለፍኩ። ባንኩ በዚያ በኩል አይደለም።

ከማዶ ፌርማታው ላይ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆምኩ። ወንድና ሴት ገቡ፤ ሴቲቱ ስትወጣ እያለቀሰች ነበር፣ የደስታ ለቅሶ። ከኔ ሱቅ አልቅሳ የወጣች ሴት ትዝ አይለኝም። አመስግነው ነው የሚወጡት። ምስጋና ምን ይሠራል?

አውቶቡሱ መጣ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ፤ አፍሬ ገባሁ። የማላውቀው ሰፈር ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

በዝርዝር ልጻፈው። ስጽፈው የሚቀለኝ ከሆነ።

ጠዋት ሚጣ መጣች። የጠመኔ ብናኝ ፈርጡ ሥር ገብቶ አደብዝዞታል። "አጽጂልኝ እታለም፣ ከገበያ ስመለስ እወስደዋለሁ" ብላ ከጣቷ አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሞቆ ነበር፣ በሰውነቷ ሙቀት።

አጠብኩት። በለስላሳ ብሩሽ ቦረሽኩት። ከዚያ በሩን ቀረቀርኩና ማጉያ መነጽሬን ዓይኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ጥፋት እየፈለግኩ ነበር። ልዋሽ ብል ለማን እዋሻለሁ? ጥፍሮቹን አንድ በአንድ አየሁ። እኩል ናቸው። በመርፌ ጫፍ ፈርጡን ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ጆሮዬ ሥር ይዤ በጥፍሬ መታሁት፤ የላላ ፈርጥ ድምፅ አለው፣ ይሄ ዝም አለ። ብየዳውን ፈለግኩ፤ የት ላይ እንደተበየደ ላገኘው አልቻልኩም። እኔ! ገልብጬ ሥሩን አየሁ፤ ቆዳ ላይ የሚያርፈውን፣ ባለቤቲቱ እንኳ የማታየውን ቦታ። አንዳንዶቻችን እዚያ ጋ ስንደርስ ይደክመናል። እሷ አልደከማትም። ሥሩ ከላዩ እኩል ይለሰልሳል። ትከሻው ላይ ወርቁ የሚቀጥንበት ቦታ አለ፤ እኔ ብሆን ፈርቼ ወፍራም አደርገው ነበር። እሷ ልኩን አውቃ አቅጥናዋለች። ቀጭን ጥፍር ለዕድሜ አይሆንም ብዬ ለጋዜጠኛዋ የተናገርኩት ውሸት ነው።

ስሙ አይደለም። ሪባኑም አይደለም።

መቆንጠጫውን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ይሄን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም፤ ምንም አላደረግኩም፤ አስቀመጥኩት።

ሚጣ ስትመለስ እጆቿ በፌስታል ተሞልተው ነበር። "ጨረስሽልኝ?" አለች።

"ሚጣዬ፣ ፈርጡ ላልቷል።"

ከአፌ ወጣ። እንዲህ ልበል ብዬ አላሰብኩትም። ፌስታሉን ጥላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ላልቷል ማለት? ሊወድቅ ይችላል?" "ዛሬ ነገ ባይሆንም ይወድቃል። አታድርጊው፣ እኔ ጋ ይቆይ።" "ደግነቱ አንቺ አየሽው!" አለችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ደግነቱ አንቺ አየሽው።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ቀለበቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ቆልፌበታለሁ። ሳልከፍተው አይታየኝም፣ ሳልከፍተውም ይታየኛል። ዛሬ የደንበኛ ጣት ስለካ ተሳሳትኩ።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ጥርስ ሐኪሙ መጣ። በነጭ ጋውኑ፣ በምሳ ሰዓቱ።

"ሚጣ ነገረችኝ። ስላዩት በጣም አመሰግናለሁ። ሱቁ ዋስትና ስለሰጠኝ፣ ለሠሪዋ ብወስደው ይሻላል ብዬ ነው። እርስዎን ከማስቸገር።"

"እኔ አጠብቀዋለሁ፤ ምኑ ያስቸግራል?"

"ግድ የለም። ሥራው የሷ ስለሆነ እሷ ብታስተካክለው ነው ደንቡ።"

መሳቢያውን ልከፍት ተነሳሁ። ቁልፉ አልዞር አለኝ። እሱ "ልርዳዎት?" አለ። ቀለበቱን ለስላሳ ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት። ከመንገዱ ማዶ መኪናው ውስጥ እስኪገባ አየሁት።

አሁን እሷ ማጉያዋን ታደርጋለች። በመርፌ ትገፋዋለች። ጆሮዋ ሥር ትይዘዋለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ማነው ላልቷል ያለህ?" ትለዋለች።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ።

የካቲት 28፣ አርብ

ስልክ በጮኸ ቁጥር ክው እላለሁ። ልቤ ታመመ ብዬ ሱቁን ዘጋሁ። አልታመመም።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ሚጣ ደወለች። ትስቃለች።

"እታለም፣ ልክ ነበርሽ! አንዱ ጥፍር ትንሽ ላልቶ ነበር ብላለች። ይቅርታ ጠይቃ አጥብቃ ሰጠችን። አንቺ ባትኖሪ ፈርጤ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር። እዚህ መምህራን ማረፊያ ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ፤ የዚያች ታዋቂዋ ሥራ ላልቶ እህቴ ነች የደረሰችልኝ ብዬ።"

"እሷ ራሷ አለች? ላልቷል ብላ?"

"አዎ፣ ራሷ። ምነው?"

"ምንም።"

አልላላም። እኔ አየሁት እኮ። እሷ ደግሞ ከኔ በላይ ታያለች።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

መጽሔቱ ወጣ። ባለመስታወቷ ሁለት ገጽ፤ የጥፍሮቹ ፎቶ ቁጭ ብሎ። እኔ ከመጨረሻው በፊት ነኝ። "ጠንካራ፣ አስተማማኝ፣ ዋጋዋም ተመጣጣኝ" ይላል። እንደ ጫማ። ስለ ቀጭን ጥፍር የተናገርኩትም አለ፤ "አንዲት የሙያ ባልደረባዋ" ተብዬ፣ ስሜ ሳይጠራ። ማንም ሲያነበው እኔ መሆኔን ያውቃል። ሚጣ ለመምህራኑ ካወራችው ጋር ሲገጥም ደግሞ እውነት ይመስላል።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ለሳምንት እበሳጭ ነበር። ዛሬ አንብቤ አስቀመጥኩት። በሆዴ ሌላ ነገር ተቀምጧል። ለምን ዋሸችልኝ?

መጋቢት 5፣ አርብ

ሄድኩ። ዛሬ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አልቆምኩም።

የፊተኛዋ አስተናጋጅ "ቀጠሮ አለዎት?" አለችኝ። "የድሮ ባልደረባዋ ነኝ በያት" አልኩ። ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ጓዳው መስታወት የለውም። ጠባብ ነው፣ እንደኔው፤ ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል። እሷ ከቆዳ የተሠራ ሽርጥ አድርጋ፣ ሞረድ ይዛ አጎንብሳለች። አመልካች ጣቷ ላይ የተቃጠለ ቁስል አለ። እንድቀመጥ በአገጯ አሳየችኝ። ሥራዋን አላቆመችም።

"ፈርጡ አልላላም ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

"ታዲያ ለምን ላልቷል አልሽ?"

"ምን ልበላት? ልጅቷ እዚህ ቆማ፣ እጮኛዋን ክንዱን ይዛ፣ 'እህቴ እኮ ነች ያየችው' እያለች። እህትሽ ዋሽታሻለች ልበላት?"

እሷ ሞረዷን አስቀመጠች።

"ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። አንቺን ከሆነ ጉድሽን ባወጣው ደስ ይለኛል። ግን ያ ቀለበት የሷ ነው። ዕድሜ ልኳን ልታደርገው ነው። ባየችው ቁጥር የኔንና ያንቺን ጠብ እንድታስታውስ አልፈለግኩም።"

"ጠብ የለንም እኮ።"

"የለንም? እሺ።" ሽርጧ ላይ ያለውን የወርቅ ብናኝ በጥንቃቄ ወደ ሳህን አራገፈች። "ከኔ ሥራ ላይ ፈርጥ ላልቶ አያውቅም። አንድም ጊዜ። አሁን ላልቷል ተብሏል። ከእህትሽ ጋር የምታስተምር አንዲት ሴት ትናንት መጥታ ያዘዘችውን ሰረዘች። መጽሔቱን በእጇ ይዛ ነበር።"

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። "ሥሩን አየሁት፤ ከታች ያለውን ክፍል። እኔ እንደዚያ መሥራት አልችልም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችኝ። የምትስቅ መሰለኝ። አልሳቀችም። "ትችያለሽ። ትቸኩያለሽ እንጂ። ሁልጊዜ እኔ የት እንደደረስኩ ለማየት ቀና ትያለሽ። ያኔም፣ ጠረጴዛው ላይ።"

ሻይ አላቀረበችልኝም። ስወጣም አልሸኘችኝም። ልክ ናት።

መጋቢት 7፣ እሁድ

ለሚጣ ልነግራት እናታችን ቤት ሄድኩ። እማዬ ጉልበቷን አሟት ተኝታ ነበር፤ ሚጣ ታሽላታለች። ቀለበቱን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አድርጋዋለች፣ ቅባት እንዳይነካው። ሁለት ጊዜ "ሚጣ" አልኩ። ሁለት ጊዜ "ወዬ" አለችኝ። ሁለቴም "ውሃ ስጪኝ" አልኩ።

እማዬ "ዛሬ ምነው ጠማሽ?" አለች።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ባልነግራትስ? ማንም አያውቅም። ባለመስታወቷ እንደሆነ ለሚጣ ስትል አትናገርም። የአንዲት አስተማሪ ትእዛዝ ቢሰረዝ መቶ ሌላ አላት። ሚጣ ደስ ብሏታል። እውነት ተናግሬ የማስደስተው ማንን ነው?

እንዲህ ብዬ ጽፌ መልሼ ሳነበው አስጠላኝ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ነገርኳት።

ሱቄ መጥተው ነበር፣ ሁለቱም፤ የጥሪ ወረቀቱን ሊያሳዩኝ። ብቻዋን እንድትሆን መጠበቅ ነበረብኝ፤ ከጠበቅኩ ግን እንደገና ውሃ ልጠይቅ ነው። ቆሜ አልኩት። "ሚጣ፣ ፈርጡ አልላላም ነበር። ዋሽቼሽ ነው። እሷም ላልቷል ያለችው አንቺ እንዳታዝኚ ብላ ነው።"

መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላት። ፊቴን ስታይ ሳቋ ከከንፈሯ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ።

"ለምን?"

"እኔ ስላልሠራሁት።"

"ለሱ ብቻ?"

"በጣም ጥሩ ስለሆነም። የማልችለው ስለሆነ።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት በአውራ ጣቷ ታዞረዋለች፣ ታዞረዋለች። "እኔ እኮ አውልቄ የሰጠሁሽ አምኜሽ ነው። ላልቷል ስትዪኝ አላየሁትም እንኳ። ልየው አላልኩም።"

እኔም ከዚህ ሁሉ ውስጥ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ምን ብል ጥሩ ነው? ወደ እሱ ዞሬ፣ "አንተስ ለምን እኔን አልጠየቅከኝም?" አልኩት። ከየካቲት ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረ ነገር ነው፤ በማይሆን ሰዓት ወጣ።

ጥርስ ሐኪሙ ሚጣን አያት፤ ልናገር ወይ እንደማለት።

"መጥቼ ነበር" አለ ረጋ ብሎ። "አያስታውሱም? ክረምት ላይ። አንድ ጓደኛዬ ሊያጭ ነው፣ ማን ጋ ቢሄድ ይሻላል ብዬ ጠየቅኩዎት። ድንገተኛ እንዲሆንባችሁ ብዬ ነው ጓደኛዬ ያልኩት። እርስዎ ጋ ላሠራ ነበር ሐሳቤ።"

አስታወስኩት። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ጃንጥላው ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

"ሰፊ ጊዜ ሰጥተው አስረዱኝ። ስለ እሷ። ስሟ ከሥራዋ እንደሚበልጥ፣ ጥፍሮቿ ቀጭን እንደሆኑ፣ ሱቋ፣ ሳጥኗ፣ ሪባኗ። ስለ ራስዎ ሥራ አንድ ቃል አልነገሩኝም። አንድ ቀለበት አላሳዩኝም። ስወጣ፣ እንዲህ ሰው ሌላውን እስኪረሳ የሚያወራላት ሴት ምን ብትሠራ ነው ብዬ ሄጄ አየሁ።"

በክፋት አልነበረም የተናገረው። ጥርስ ሲነቅሉም እንዲህ ይሆናሉ መሰለኝ፤ ቀስ ብለው፣ "ትንሽ ያምዎታል" ብለው።

ሚጣ ተነሳች። "እንሂድ" አለችው። እኔን አላየችኝም። የጥሪ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ። ለኔ ትተውት ይሁን ረስተውት አላወቅሁም።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ስልክ አታነሳም።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

አታነሳም። እማዬ ግን ደወለች። "ምን አድርገሻት ነው? ትናንት እዚህ መጥታ ሳትናገር ሄደች" አለች። ነገርኳት። "ያኔውኑ ብትጮሂ ኖሮ ይሻል ነበር። ቀናሁ ብለሽ ብትጮሂ" አለችኝ።

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ሚጣ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ እሷን ፈልጌ አልነበረም። መምህራን ማረፊያ ገባሁና የሚጣ እህት መሆኔን ተናግሬ፣ ሁሉም ባሉበት፣ የቀለበቱ ነገር ውሸት እንደነበር፣ የዋሸሁትም እኔ እንደሆንኩ አልኩ። የመጽሔቱን ወሬ የተናገርኩትም እኔ ነኝ አልኩ። አንድ የሒሳብ አስተማሪ ሻይ ሊጠጣ ብርጭቆውን አንስቶ በአየር ላይ እንደያዘው ቀረ።

ትእዛዟን የሰረዘችው ሴት ማን እንደሆነች ወዲያው ታወቀችኝ፤ ፊቷ ቀላ። "ታዲያ ተመልሼ ልሂድ?" አለችኝ፣ ውሳኔው የኔ ይመስል። "ሂጂ። ከሷ የተሻለ አታገኚም" አልኳት። ወደ በሩ ሄድኩ። እንኳን ደስታ፣ መቅለል እንኳ የለውም።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ሚጣ መጣች። ሳታንኳኳ ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ሰማሁ።"

"ሚጣዬ..."

"ጠብቂ፣ ልጨርስ። ተናድጄብሻለሁ። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ፤ መቼ እንደሚበርድልኝም አላውቅም። የጋብቻ ቀለበቶቻችንንም እሷ ናት የምትሠራው። አንቺ አትሠሪውም።"

"እሺ።"

"ግን ሚዜዬ አንቺ ነሽ። ከጎኔ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ሌላ እህት የለኝም፤ ከየት ላምጣ?"

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ መሐረብ ግን ሰጠችኝ። ጠመኔ ነበረበት፤ ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ሁለታችንም ሳንፈልግ ትንሽ ሳቅን።

ከሄደች በኋላ ሳስበው፣ "አንቺ አትሠሪውም" ያለችው አሁንም ወጋኝ። ይቅርታ ቢያደርጉልኝም ያው ነኝ እንዴ?

ሚያዝያ 26፣ እሁድ

ትናንት ተሞሸረች።

አዳራሹ ይፋጃል። መስኮቶቹ ተከፍተዋል፤ የሚገባው ነፋስም ትኩስ ነው። ሚጣ ከጠዋት ጀምሮ ቆማ፣ ሰው ስታቅፍ፣ ፎቶ ስትነሳ ውላለች። እኔ ከጎኗ አበባዋን ይዤ ቆሜያለሁ። ባለመስታወቷ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። ሚጣ ናት የጠራቻት። ሰላም ተባብለናል፣ በአንገት።

ቀለበት የማጥለቂያው ሰዓት ደረሰ። ሙሽራው አነሳ፣ የሚጣን እጅ ያዘ፣ አጠለቀ። ቀለበቱ መገጣጠሚያው ላይ ደርሶ ቆመ። ገፋው። አልሄደም። እንደገና ገፋ፤ ሚጣ "እስስ" አለች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አንዷ አክስታችን፣ ድምፅ መቀነስ የማይሆንላት፣ "ውይ፣ ጠቧታል! ያን ሁሉ ስም ይዛ ልኳን አጣችው?" አለች። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

ባለመስታወቷን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። ከወንበሯ ግማሽ ተነስታ፣ መጥታ መርዳት አይሆንላትም፣ ተቀምጣም መቆየት አልቻለችም፣ እዚያው ተንጠልጥላ ቀረች።

ልዋሽ አልፈልግም። ደስ አለኝ። የዓይን ጥቅሻ ለምታህል ጊዜ፣ ከእግር እስከ ራሴ ሞቅ አለኝ። ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም ነበር። ዝም ማለት ብቻ። አበባ ይዤ።

የሚጣን ጣት አየሁት። በሙቀት አብጧል፤ ሁሉም ጣቶቿ አብጠዋል፣ የእጮኝነት ቀለበቷም ጥብቅ ብሎ ቆዳዋን ቀስፎታል። ያ ደግሞ ልኳ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መዳፌ ላይ ይዤው ነበር።

አበባውን ለእማዬ ሰጠሁ። "ልቀቀው" አልኩት ሙሽራውን። የሚጣን እጅ ይዤ ከራሷ በላይ አነሳሁት፤ ደሙ እንዲወርድ። ከጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘ የውሃ ጠርሙስ አንስቼ ጣቷ ላይ ያዝኩ። ሰው ሁሉ ያያል። እሷ ታየኛለች፣ ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ልጅነቷ፣ እሾህ ሳወጣላት እንደምታየኝ። ትንሽ ቆይቼ እጇን አወረድኩ፣ የመገጣጠሚያውን ቆዳ በሁለት ጣቴ ወደ ኋላ ሳብኩና፣ "አሁን፣ እያዞርክ፤ አትግፋ፣ አዙር" አልኩት። አዞረ። ቀለበቱ ገባ። ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ እንደተሠራለት።

አጨበጨቡ። አክስታችን ደግሞ አልተዋትም፤ "ጠቦ ነበር አይደል?" አለችኝ ጮክ ብላ።

"ቀለበቱ ልክ ነው" አልኩ፣ እኔም ጮክ ብዬ፣ ሦስተኛው ረድፍ እስኪሰማ። "ጣቷ ነው በሙቀት ያበጠው። ሥራው ምንም ጉድለት የለውም።"

ወደ ኋላ አልዞርኩም። ፊቷን ማየት አልፈለግኩም፤ ካየሁት እንደገና ከሷ ጋር ነገር የምጀምር መሰለኝ። አበባዬን ተቀብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ሚጣ ዓይነ ርግቧን ለማስተካከል የጎነበሰች መስላ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"ጠባብ ነው ብትዪኝ አምንሽ ነበር።"

"አሁንም?"

"አሁንም" አለችኝ፣ ወደ ባሏ እየዞረች።